የሦስት ወር ምስክር

የሄድኩት ለሌላ ነበር።
«ልጅ አስበናል» ልላት፣ ቪታሚን ተቀብዬ በሳቅ ልመለስ፣
ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ዊኒፔግ የመጀመሪያ በረዶዋን ስትለብስ።
ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አቆመች፤
ስምንት ነጥብ ዘጠኝ።
ከዚያ ወዲያ ከንፈሯን ብቻ አየሁ እንጂ አልሰማሁም ምን እንዳለች።

ጆሮዬ ሲመለስ እዚህ ላይ ደረስኩ፦
«ደም የሦስት ወር ነገር አይረሳም።»
ወደ ኋላ ቆጠርኩ።
ነሐሴ፣ የስንዱ ሠርግ፤ ሦስት ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ፣
ለጭፈራው ስቸኩል በቁሜ የጎረስኩት ኬክ።
እኔ ረስቼው ነበር።
ደሜ ግን፣ እንደ ክፉ ጎረቤት፣
ሲጽፍብኝ ከርሟል ለካ፣ ቀንም ሌሊት።

«አይሆንም» አላለችም። «ቆዪ» ነው ያለችኝ።
«ልቡም አከርካሪውም የሚሠራው ገና መኖሩን ሳታውቂ ነውና፣
መጀመሪያ ስኳርሽ ይውረድ፤ ከስድስት ተኩል በታች ይግባና።»
ቆዪ። ሁለት ፊደል ናት።
አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣
እንደ ሰው ልጅ ታቅፌ ቤት አስገባኋት።

ሥራዬ የአዛውንት መጦሪያ ነው፣ የሌሊት ተረኛ።
የሰው ጣት ስወጋ አራት ዓመቴ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም።
የራሴ ሲደርስ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤
ሁለት መርፌ በከንቱ አባከንኩ።
በሦስተኛው አንዲት ጠብታ ወጣች፤ ቀይ፣ ክብ፣ ዝምተኛ።

ባሌ ዘርይሁን ይባላል፤ ስሙን እናቱ ናቸው ያወጡት፣ ትእዛዝ ይመስላል።
ዘርይሁን ስድስት ዓመት ሙሉ «ስኳሬ» ነበር የሚለኝ፤
ያን ማታ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ።
በማግስቱ «ጨዬ» ሊለኝ ሞከረ።
«ግፊትም አለብኝ» አልኩት፣ «ጨውም ተከልክሏል።»
«ቅቤዬስ?»
«እሱማ ጭራሽ!»
ምስር እየለቀምን፣ ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ከሳምንት በኋላ ሳቅን።

እትዬ አስካለ እሑድ እሑድ ከደብረ ብርሃን ይደውላሉ፤
«ምን ትጠብቃላችሁ? ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ።
በዕድሉ ያድጋል፣ አዎ እማማ።
ዘጠኝ ወር የሚያድግበት ደም ግን የእኔ ነው፤
ዕድሉን ይዞ ደጅ ሲደርስ፣ ቤቱ ጠርቶ ይጠብቀው።
ይህን አላልኳቸውም። «እግዜር ያውቃል» ብዬ
ስልኩን ዘጋሁና ፎሊክ አሲዴን በውሃ ዋጥኩ።

ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን ውጭ አይኬድም፤
ገበያ አዳራሹ ሱቆቹን ሳይከፍት በጠዋት እንገባለን፣
ከሽማግሎች ጋር በተዘጉ በሮች ፊት እንዞራለን።
አንድ ዩክሬናዊ አዛውንት፣ ከዘራውን እያንኳኳ፣ ዙር በዙር ይቀድመናል፤
ሲያልፈን ባርኔጣውን ያነሣል።
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የሕፃናት ልብስ መደብር አለ፤
መስኮቱ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ካልሲ።
እዚያ ስንደርስ፣ ሳንነጋገር፣ ሁለታችንም እርምጃ እንጨምራለን።

በጥር ሰባት ነጥብ ሦስት።
የግፊቱን ኪኒን ቀየረችልኝ፣ ለፅንስ አይበጅም ብላ፤
ሌላው ሐኪም ዓይኔ ውስጥ ብርሃን አበራ።
ግማሽ ሰሃን ጎመን ለመድኩ፣ ሩዝ በእፍኝ።
አንድ ሌሊት ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣
ከመደርደሪያው ማር አውርጄ በሾርባ ማንኪያ በላሁ፣ ቆሜ፣ እያለቀስኩ።
ያችንም ቁጥር ደብተሬ ላይ ጻፍኳት፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።
የሚዋሽ ቢኖር እንኳ ደሜ አይዋሽልኝም።

ሚያዝያ፤ ቀዩ ወንዝ በረዶውን እየሰበረ ሲያጓራ፣
ስድስት ነጥብ አራት።
«ይቻላል» አለች።
ደስታዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ የመጣው ፍርሃት ነው።
እስካሁን የምቆጥረው ቁጥር ነበራ፤
አሁን ሰው ሊሆን ነው።

ማታ ዘርይሁን መብራቱን አጥፍቶ፣ ጆሮዬ ሥር፣
ከስድስት ወር በኋላ፣ በስሕተት ይሁን በድፍረት፣
«ስኳሬ» አለኝ።
«ስንት ነጥብ ስንት?» አልኩት፣
እጁን በጨለማ እየፈለግሁ።